እንግዳ በ400 ብር

ጂሙ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያየሁት ከጎረቤቴ ከእትዬ ጋር ሆኜ ነው። ብቻዬን ብሆን ኖሮ አንብቤው፣ ትንሽ ተበሳጭቼ ወደ ልብስ መቀየሪያው እገባ ነበር። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ግን እትዬ ከጎኔ ቆመዋል። አራት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው፣ አንድ እጃቸውን የደረጃው ብረት ላይ አሳርፈው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ነጠላቸውን አጣጥፈው በፌስታል ይዘዋል። እግራቸው ላይ አዲስ ነጭ ስኒከር አለ፤ ለዚች ቀን ብለው ልጃቸውን መርካቶ ልከው ያስገዙት።

“ውድ ደንበኞቻችን” ይላል ወረቀቱ። ከኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ወርሃዊ ክፍያ 3,800 ብር። ስቲምና ሳውና ለብቻ። አባላት ይዘውት ለሚመጡት እንግዳ በአንድ ቀን 400 ብር። ከሥሩ ክብ ማኅተም አርፎበታል።

ባንኮኒው ጋ የምትቀመጠው ልጅ እትዬን ስታይ ከወንበሯ ተነሳች። “ይቅርታ እናቴ፣ ከሰኞ ጀምሮ ነው የተለወጠው” አለች፤ ጥፋቱ የእሷ ይመስል ድምፅዋ ቀጥኖ። እኔ በቴሌብር ልከፍል ስልኬን ሳወጣ እትዬ ክንዴን ያዙኝ።

“ስንት ነው ያለችው?”

“ምንም አይደል እትዬ፣ እኔ እከፍላለሁ።”

“ስንት ነው?”

ነገርኳቸው።

“ለአንድ ቀን? አይሆንም ልጄ። ለእኔ ብለሽ 400 ብር አታወጪም። እኔ ደግሞ እስቲ ልየው ብዬ እንጂ…” ንግግራቸውን አልጨረሱትም። ዞረው ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። ሲወርዱ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው አውቃለሁ፤ ሆኖም አንድም ጊዜ አልቆሙም። ቤታቸው ስንደርስ ቡና አፈሉልኝ። ስኒከሩን አውልቀው በጨርቅ ጠረጉት፤ ከዚያ መልሰው ካርቶኑ ውስጥ ከተቱት። ስለ ጂሙ አንድም ቃል ሳንነጋገር ሦስተኛውን ጠጥተን ተለያየን።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ ካርቶን ነው።

እትዬ 61 ዓመታቸው ነው። ገርጂ ውስጥ የእሳቸውን ግቢ ከእኛ ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ስኳር እንዳለባቸው ካወቁ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። መድኃኒታቸውን አያዛንፉም፤ ከምግባቸውም ብዙ ነገር ቀንሰዋል። ባለፈው ክረምት ለክትትል ሲሄዱ ሐኪሙ እግራቸውን አይቶ፣ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ ተነሡ አላቸው። አልቻሉም። “ጡንቻዎ እየከዳዎት ነው፤ መራመድ ብቻ አይበቃዎትም፣ ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት ይጀምሩ” ብሎ ላካቸው። ሰውነት ከደም ውስጥ ስኳር ወስዶ ከሚያቃጥልባቸው ቦታዎች ትልቁ ጡንቻ ነው፤ ጡንቻው ሲሟሽሽ ስኳሩ መሄጃ ያጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይበቃል ብሎ አያቆምም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይጨመርበት ይላል። ይህ ሁለተኛው ክፍል በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ እምብዛም አይታይም። ስለ እርምጃ ሁሉም ይናገራል። ስለ ጡንቻ የሚነግራቸው ሰው ያገኙት እትዬ ገና ባለፈው ክረምት ነው።

ይህን የነገሩኝ ነሐሴ ላይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ሦስት ወር ለመንኳቸው። መጀመሪያ “በዚህ ዕድሜዬ ከጎረምሳ ጋር ብረት ላነሣ?” አሉኝ። ቀጥለው “ምን ለብሼ?” ሆነ። ቀጥለው ጾሙ፣ ቀጥሎ የዘመድ ሰርግ። በመጨረሻ “እሺ፣ አንድ ቀን ይዘሽኝ ሂጂና ዝም ብዬ ልየው” ሲሉ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። እንግዳ ይዞ መሄድ በነፃ ነበራ።

ሰው የማያውቀው ቦታ ብቻውን አይገባም። በተለይ ሴት፣ በተለይ ሰውነቷን የምታፍር ሴት። እኔም ያው ነበርኩ። በ2011 ዓ.ም. አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ከሥራ መልስ እጄን ይዛ ነው ያስገባችኝ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ወገቤ አላስቀምጥ ብሎኝ፣ ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ቀኑን ሙሉ ከወንበር ሳልነሣ እየዋልኩ፣ ማታ ማታ በፍል ውሃ የተሞላ ጠርሙስ ወገቤ ሥር አድርጌ ነበር የምተኛው። ጓደኛዬ ባትይዘኝ ኖሮ ያንን በር በፍጹም አልከፍተውም። ግድግዳው በሙሉ መስታወት ነው፤ የትም ዞረሽ ከራስሽ አታመልጪም። ወንዶቹ ብረት ወለሉ ላይ ሲጥሉ ልቤ ይዘል ነበር። ቲሸርቴን እየጎተትኩ ዳሌዬን ልሸፍን እሞክራለሁ። አሰልጣኙ መጥቶ “የት ጋ ነው የሚያምሽ?” ብሎ ጠየቀኝና ባዶ እጄን እንዴት ጎንበስ ብዬ እንደምነሣ ብቻ አሳየኝ። ሃያ ደቂቃ በዚያች አንዲት እንቅስቃሴ ላይ ቆየን። ማታ ጠርሙሱን ሳልይዝ ተኛሁ ብል ውሸት ይሆናል፤ በሦስተኛው ወር ግን ጠርሙሱ የት እንዳለ ረስቼው ነበር።

ያን ቀን ምንም አልከፈልኩም። ጓደኛዬም አልከፈለችም። ደንቡ ያው ነበር፦ አባል የሆነ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ እንግዳ ይዞ ይመጣል። እኔም በተራዬ የባሌን እህት አስገባሁ፣ ከዚያ የቢሯችንን ጸሐፊ፣ ከዚያ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የተቀመጠች የጎረቤት ልጅ። ሁለቱ አባል ሆኑ። ጠዋት የምንሠራውን ሴቶች አንድ በአንድ ብጠይቃቸው፣ ብዙዎቹ ማን እጃቸውን ይዞ እንዳስገባቸው ይነግሩኛል። ታዲያ ያ ወረቀት የዘጋው ይህንን በር ነው። የወርሃዊው ጭማሪ ኪሴን ጎድቶኛል፣ እሱንም እነግራችኋለሁ፤ ያመመኝ ግን የእንግዳው ነው።

እስቲ በሙያዬ ልቁጠረው። በ2011 ስገባ በወር 700 ብር ነበር። በ2013 አንድ ሺህ ሞላ። በ2015 አንድ ሺህ አምስት መቶ፣ በ2016 ሁለት ሺህ፣ በ2017 ሁለት ሺህ ስምንት መቶ፣ አሁን 3,800። በሁለት ዓመት ውስጥ 90 በመቶ ጨምሯል ማለት ነው። በዚሁ ሁለት ዓመት የእኔ ደመወዝ የጨመረው 35 በመቶ ነው። ከዋናው ክፍያ ጎን ደግሞ ትናንሾቹ አሉ። ድሮ ስቲም በአባልነት ውስጥ ነበር፤ አሁን ለብቻው ነው። አንድ ወር ካቋረጥሽ እንደገና መመዝገቢያ አለ። ሌላው ቀርቶ ሁዳዴ ሲገባ ብዙዎቻችን አባልነታችንን ፍሪዝ አስደርገን ከፋሲካ በኋላ እንመለስ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ብረት ማንሣት ለሁሉም ሰውነት አይሆንማ። ይህ አሁን ይከፈልበታል። አንዱም ለብቻው ሲታይ ሰው አያባርርም። ተደምሮ ግን የቤት ወጪ ዝርዝሬ ላይ ከልጆቼ የትምህርት ቤት ሰርቪስ ቀጥሎ የተቀመጠ መደብ ሆኗል።

በሚቀጥለው ሰኞ የጂሙን ባለቤት ቢሮው ገብቼ አነጋገርኩት። እኔን የሚያህል ሰው ነው፤ ወጣት ሳለ በሰውነት ግንባታ ይወዳደር ነበር። አሁንም ትከሻው በር ይሞላል። ተቆጥቼ ነበር የገባሁት። እሱ አልተቆጣም። “እህቴ፣ አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ፤ ቁጭ በይና እይው” አለና የደረሰኝ ፎልደሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ አገላበጥኩት።

እውነቱን መናገር አለብኝ፦ ሰውየው አልዋሸም። የፎቁ ኪራይ በስድስት ስድስት ወር ቅድሚያ ይከፈላል፤ አከራዩ በየውሉ እድሳት የሚጨምረው ላይ ገደብ የለበትም። የቤት ኪራይ ጭማሪን የሚቆጣጠረው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የወጣው ለመኖሪያ ቤት ነው፤ ንግድ ቤት የተከራየ ሰው ከአከራዩ ጋር ራሱ ይጨርሳል። መብራት ደግሞ አለ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲዘልቅ ተደርጎ ነው የወጣው። ቤት ውስጥ ለምድጃና ለአምፖል ያን ያህል ላይሰማ ይችላል፤ ስድስት ትሬድሚል፣ የስቲም ማፍያ፣ የሳውና ማሞቂያ፣ የሻወር ውሃ ማሞቂያ ላለው ሰው ግን ያለፈውን ዓመት ደረሰኝ ከዘንድሮው ጎን ማስቀመጥ ይበቃል። ስቲሙ ለምን ለብቻው እንደወጣ ያኔ ገባኝ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይጠጣል።

ከሁሉ የከበደው ግን ዕቃው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን በገበያ እንዲወሰን ሲለቀው አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። በትሬድሚል ላይ የሚሽከረከረው ላስቲክ፣ ሞተሩ፣ የኬብል ማሽኖቹ ገመድ፣ የብስክሌቱ ፔዳል ሳይቀር ከውጭ ነው የሚመጣው። ከስድስቱ ትሬድሚሎች ሁለቱ ለምን ለወራት “አይሠራም” የሚል ወረቀት እንደተለጠፈባቸው ስጠይቀው፣ ለአንዱ ሞተር የቀረበለትን ዋጋ አሳየኝ። ማሽኑን ከዓመታት በፊት ሙሉውን ከገዛበት ይበልጣል።

የምዕራባውያኑን ጂም አሠራር ከእኛው ጋር አነጻጽሬ ነበር የገባሁት፤ ያን ንጽጽር ግን የእሱ ፎልደር አፈረሰብኝ። በ2006 እ.ኤ.አ. ስቴፋኖ ዴላቪኛ እና ኡልሪኬ ማልመንዲየር የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ምሁራን ያወጡት አንድ ጥናት አለ፤ ከዓመታት በፊት አንብቤው ከአእምሮዬ አልጠፋም። አሜሪካ ውስጥ የሦስት ጂሞችን ከ7,700 በላይ አባላት ለሦስት ዓመት ተከታትለዋል። በየወሩ ከ70 ዶላር በላይ እየከፈሉ አባል የሆኑት ሰዎች በአማካይ በወር የሚመጡት አራት ጊዜ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ለአንድ ቀን ከ17 ዶላር በላይ ይከፍሉ ነበር፤ አሥር ቀን የሚያስገባውን ካርድ ቢገዙ ግን ቀኑ በ10 ዶላር ይደርሳቸው ነበር። ክፍያው በራሱ ጊዜ ከባንክ ሒሳባቸው ስለሚቆረጥ፣ ባይመጡም ይከፍላሉ። እንዲህ ያለ ጂም የሚኖረው በማይመጡት ሰዎች ገንዘብ ነው። ባዶ የሚውል ቦታም ስላለው እንግዳ አያስጨንቀውም።

እዚህ እንዲህ አይደለም። እኛ ወሩ ሲያልቅ ብር ይዘን ወይም በስልክ ልከን ነው የምናድሰው። ልንመጣ ካላሰብን አንከፍልም። አንድም ብር ሳናውቀው አይቆረጥብንም። ስለዚህ የከፈለ ሰው ይመጣል፤ የመጣ ሰው ሻወር ይወስዳል፣ ማሽን ይይዛል፣ መብራት ያስበላል። የገርጂው ጂም የሚኖረው በሚመጡት ሰዎች ነው። ይህ ለእኛ ለደንበኞች መልካም ነገር ነው፤ ለባለቤቱ ግን ወጪውን የሚሸሽግበት ጥግ የለውም ማለት ነው። ጭማሪው ሁሉ በአንድ ቀን ፊታችን ላይ ይለጠፋል።

ታናሽ እህቴ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ስነግራት እዚያም ያው ነው አለችኝ። በመላ አሜሪካ ቅርንጫፍ ያለው ፕላኔት ፊትነስ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሠረታዊውን አባልነት በወር 10 ዶላር ሲያስከፍል ኖሮ፣ በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ወደ 15 ከፍ አደረገው። ጭማሪው ግን አዲስ ለሚገቡት ነው፤ ነባሮቹ አባል ሆነው እስከቆዩ ድረስ በድሮው ዋጋ ይቀጥላሉ። ይህ አስቀናኝ፤ እኔ ሰባተኛ ዓመቴን ይዤ ዛሬ ከተመዘገበችው ልጅ ጋር እኩል ነው የምከፍለው። እንግዳን በተመለከተ ግን እዚያም በነፃ አይደለም፦ ሰው ይዞ መግባት የሚችለው ከፍ ያለውን አባልነት የገዛ ሰው ነው። እህቴ “እዚህ እናቴ ብትመጣ እንኳ መጀመሪያ ካርዴን ማሳደግ አለብኝ” አለችኝ። እናታችን በሕይወት የለችም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ያቺ ንግግሯ ከጆሮዬ አልወጣ አለች።

ወደ ባለቤቱ ልመለስ። ስለ እንግዳው ስጠይቀው ፊቱ ጠቆረ። ያደከመው ይሄ እንደሆነ ነገረኝ። አራት ጓደኛሞች አሉ፤ አንዱ ብቻ ይከፍልና ሦስቱ በየተራ እንግዳ ሆነው ይመጣሉ። ቅዳሜ ብቻ የነበረው እሑድም ሆነ፣ ከዚያ “ዛሬ ብቻ” እየተባለ የሥራ ቀናትም ሆነ። ባንኮኒው ጋ ያለችው ልጅ እምቢ ስትል ይሰድቧታል። አንድ ቀን ሻወር ቤት ከነበሩት አሥራ አንድ ሰዎች የከፈሉት ስድስቱ ብቻ እንደነበሩ ቆጥሯል። “እኔ እንግዳ ጠልቼ አይደለም” አለኝ። “እኔም የወሎ ልጅ ነኝ፤ እንግዳ ሲመጣ እግር አጥቦ በሚያሳድር ቤት ነው ያደግኩት። ግን እንግዳ ማለት መጥቶ የሚሄድ ነው። እነዚህ ነዋሪ ናቸው።”

እውነቱን ነው። ይህን እዚያው ነገርኩት። ቀጥዬ ግን ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ አስነሥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ሒሳቡን ሠራሁለት። በሳምንት ሦስት ቀን የሚመጣ አባል በወር አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ 3,800 ለአሥራ ሁለት ሲካፈል 317 ብር አይሞላም። እንግዳው ግን 400 ይከፍላል። ማሽኑን የማያውቅ፣ ሻወር እንኳ አፍሮ የማይወስድ፣ ግማሹን ሰዓት ጥግ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው፣ ቤቱን ከሚያውቀው ሰው የበለጠ ይከፍላል ማለት ነው። እነዚያን አራት ጓደኛሞች ብለህ ያወጣኸው ደንብ የሚይዘው እነሱን አይደለም አልኩት። እነሱ ሌላ መላ ያበጃሉ፣ ወይም ሁለት ሰፈር አልፎ ወዳለው ጂም ይሄዳሉ። የሚይዘው እትዬን ነው። እትዬ መላ አያበጁም፤ ዞረው ይወርዳሉ።

የመጀመሪያዋን ቀን ነፃ አድርጋት፣ ስም ከነስልክ ቁጥር አስመዝግበህ። ያው ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ አስከፍለው፤ በወሩ ውስጥ ከተመዘገበ ደግሞ ያቺን የከፈላትን ከአባልነቱ ቀንስለት። አራቱ ጓደኛሞች ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ይከፍላሉ፤ እትዬም ገብተው ያያሉ። የጻፍኩለት ይሄንኑ ነው፣ በወረቀቱ ጀርባ። አንብቦ አጣጠፈውና ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። “አስብበታለሁ” አለኝ። ይህን ከጻፍኩለት አምስተኛ ሳምንት ሆኖታል፤ በግድግዳው ላይ አዲስ ቅጂ ተለጥፏል፣ ዋጋው ያው ነው። የማልወደው ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ያን ፎልደር ካየሁ በኋላ ግን ስግብግብ ነው ብዬ ልናገርለት አልችልም፤ የደከመ ሰው ነው፣ የደከመ ሰው ደግሞ ቀላሉን በር ነው የሚዘጋው።

“ታዲያ ውጪ አትሠሩም?” የሚል ሰው አይጠፋም። የሩጫ አገር ነን። መስቀል አደባባይ ገና ሳይነጋ ደረጃውን ወዲያና ወዲህ የሚሮጠውን ሕዝብ ያየ ሰው ስፖርት ገንዘብ ይፈልጋል ብሎ አያስብም። በኅዳር 2011 የተጀመረው “መንገድ ለሰው” ከተማውን ለአንድ ጠዋት ከመኪና ነፃ ሲያደርግ እኔም ልጆቼን ይዤ ወጥቼ ተራምጃለሁ፤ ደስ ያለኝ ቀን ነበር። ዘንድሮም አዳዲሶቹ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ላይ ማታ ማታ የሚራመደውን ሰው ሳይ ደስ ይለኛል። ነገር ግን መስቀል አደባባይ የሚሮጠው መሮጥ የሚችለው ነው። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ብቻዋን ከቤት የምትወጣ ሴት ደግሞ ስለ ጤናዋ ከማሰቧ በፊት ስለ ሌላ ነገር ታስባለች። እትዬ መራመድ አያቅታቸውም፤ እስከ ቤተ ክርስቲያን በየቀኑ ይራመዳሉ። ሐኪሙ ያዘዘላቸው ሌላ ነገር ነው።

አባቴ ወጣት ሳለ አራት ኪሎ ወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) እየሄደ ፒንግ ፖንግ ይጫወት እንደነበር ሲያወራን አድጌያለሁ። ማኅበሩን በ1844 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የመሠረተው ጆርጅ ዊልያምስ የጨርቅ ሱቅ ተቀጣሪ ነበር፤ እንደ እሱ ከገጠር ለሥራ መጥተው ከተማው የዋጣቸውን ልጆች ለመሰብሰብ ነው ያቋቋመው። አባቴም ከደብረ ብርሃን መጥቶ ከአጎቱ ቤት የተጠጋ ልጅ ነበር። ታሪኩን ሲነግረን ስለ ጨዋታው ብዙም አያወራም። የሚያወራው ከትምህርት ቤት ጓደኛው ጋር መጀመሪያ የገባበትን ቀን ነው፤ ጫማው የተቀደደ ስለነበር በር ላይ ሲያመነታ ጓደኛው ገፍቶ እንዳስገባው። ሰባ ዓመት አልፎትም ያንን የገፋውን እጅ ያስታውስ ነበር።

እኔ እስከ ጥር መጨረሻ ከፍያለሁ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ከልጆቼ ሰርቪስ አልቀንስም፤ ከወገቤ ግን መቀነስ እንደማልችል ሰውነቴ ያውቀዋል። ምናልባት በሳምንት ሦስት ቀን የምሄደውን ሁለት አድርጌ፣ ግማሽ ወር የሚባል ክፍያ ካለ እጠይቃለሁ።

ከእትዬ ጋር ግን አላቆምንም። ከዚያች ቅዳሜ ሁለት ሳምንት በኋላ ሄጄ ስኒከሩን አስወጣኋቸው። በሳሎናቸው ውስጥ ነው የምንሠራው። ሁለት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተን ክብደት አደረግን። የእንጨት ወንበሩን ግድግዳ አስደግፈን መነሣትና መቀመጥ ጀመርን፤ በመጀመሪያው ቀን በሁለት እጃቸው፣ ባለፈው ሳምንት በአንድ እጃቸው። ሦስት ጊዜ ሲነሡ “እልልል” ብዬ ጎረቤት ሰማን። ልጃቸው ከውስጥ ወጥቶ አጨበጨበ። ስኒከሩ አሁን በር ላይ ከሌሎቹ ጫማዎች ጋር ነው የሚቀመጠው።

ባለፈው ቅዳሜ አራተኛውን ሲነሡ እትዬ መሥራቱን አቆሙ። ቀኝ ጉልበታቸውን ከጎን በኩል በሁለት ጣታቸው ያዙና “እዚህ ጋ፣ ስነሣ አንዳች ነገር ይላል። ልቀጥል ወይስ ልተው?” ብለው ጠየቁኝ። ዓይኔን ዓይኔን ያዩኛል፤ አምነውኛል። እኔ የማውቀው በእኔ ወገብ ላይ ያየሁትን ነው። እግራቸውን አስፍተው ይቁሙ ልበላቸው ወይስ አጥብበው? ወንበሩ ከፍ ይበል? ወይስ ነገሩ ሕመም ነውና ጭራሽ ያቁሙ? ተሳስቼ ባሳምማቸውስ? “ለዛሬ ይበቃል እትዬ፣ ጠይቄ እመጣለሁ” አልኳቸው።

ሰኞ ጠዋት አሰልጣኙን ከትሬድሚሎቹ ጎን አገኘሁት። ያኔ በ2011 ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጎንበስ ብዬ መነሣት ያስተማረኝ እሱ ነው። ነገሩን ሁሉ አስረዳሁት፦ ዕድሜያቸውን፣ ስኳሩን፣ ወንበሩን፣ የሚሰማቸውን ቦታ በራሴ ጉልበት ላይ እያሳየሁ። እሱም ተንበርክኮ ጣቴን ያሳረፍኩበትን ቦታ አየ፣ ሁለት ሦስት ነገር ጠየቀኝ፤ አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። ተነሥቶ እጁን በፎጣው ጠረገ።

“ሳላያቸው ምን ልበልሽ?” አለኝ። “አንድ ቀን ይዘሻቸው ነይ እንጂ።”